የሮሂንጋዎች መሳደድና መፈናቀል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሮሂንጋዎች እነማን ናቸው?

በምዕራብ ምያንማር፣ በቀድሞ ስሟ በርማ፣ ራካይን በሚባለው ክልል ለብዙ ትውልድ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ጥቂት ሂንዱዎችም አሉባቸው። ቋንቋቸው በባንግላዴሽ ቺታጎንግ አካባቢ ከሚነገረው ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ከበርማ ቋንቋ ጋር ግን አይገናኝም። በብዛት የሚኖሩት ማውንግዶ፣ ቡቲዳውንግና ራቴዳውንግ በሚባሉት የሰሜን ራካይን ወረዳዎች ነበር። ሩዝ ያመርታሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ።

ራካይን ድሮ አራካን የሚባል፣ የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር ነው። በርማ ወርራ የያዘችው በ1780ዎቹ ነው። ከተቀረው ምያንማር በተራራ ሰንሰለት ይለያል። ከባንግላዴሽ የሚለየው ደግሞ በአብዛኛው ናፍ የሚባለው ወንዝ ነው። ይህን አቀማመጥ ያዙልኝ፤ ብዙ ነገር ያብራራል።

ስንቶቹ ተሰደዱ? አሁንስ የት ነው ያሉት?

ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ኮክስ ባዛር በሚባለው አካባቢ በመጠለያ ካምፖች ይኖራሉ። ኩቱፓሎንግ የሚባለው ካምፕ በዓለም ትልቁ የስደተኞች ሰፈር ነው። ቤቱ ቀርከሃና ሸራ ነው። በ2021 መጋቢት ላይ የተነሳ አንድ እሳት ብቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሜዳ ላይ ጥሏል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ባንግላዴሽ ባሳን ቻር ወደምትባል፣ ባሕሩ ውስጥ በተከማቸ ደለል ወደ ተፈጠረች ደሴት ከ30,000 በላይ ሰዎችን አዛውራለች።

ሌሎቹ ማሌዥያ፣ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ሳዑዲ ዓረቢያ ተበትነዋል። ሳዑዲ የኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይ መካ አካባቢ፣ «ቡርማዊ» ሲባሉ የሚሰሟቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ ሮሂንጋዎች ናቸው። ራካይን ውስጥ የቀሩትም አሉ። ከእነሱ መካከል ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ከ2012 ጀምሮ በገዛ አገራቸው ካምፕ ውስጥ ታጥረው ኖረዋል።

ጸቡ የሙስሊምና የቡድሂስት ጸብ ነው?

ሃይማኖት አለበት። ሃይማኖት ብቻ ነው ካልን ግን ዋናው ነገር ያመልጠናል። እዚያው ራካይን ውስጥ ካማን የሚባሉ ሙስሊሞች አሉ። መንግሥት ከሚያውቃቸው ብሔረሰቦች ጋር የተመዘገቡ፣ በሕጉ ሙሉ ዜጎች ናቸው። በ2012 ሁከት ግን የእነሱም ቤት ተቃጥሎ ተፈናቅለዋል። ካማን ሙስሊም ስለሆነ ተመታ፤ ሮሂንጋ ሙስሊምም «ባዕድ»ም ተብሎ ተመታ።

ቂሙ ሥር የሰደደው በቅኝ ግዛት ዘመን ነው። እንግሊዞች አራካንን በ1820ዎቹ ያዙ። በኋላ በርማን ከሕንድ ጋር ቀላቅለው እስከ 1937 ድረስ ገዙ። ለሩዝ እርሻው ከቤንጋል ብዙ ሠራተኛ ገባ። የአካባቢው ቡድሂስት መሬቴና ሥራዬ ተወሰደ አለ። በ1942 ጃፓን በርማን ስትወር እንግሊዞች ሙስሊሞቹን አስታጠቁ። የራካይን ቡድሂስቶች ደግሞ በብዛት ከጃፓን ጎን ተሰለፉ። መንደር ለመንደር ተጨፋጨፉ። ከዚያ በኋላ ሙስሊሙ ወደ ሰሜን፣ ቡድሂስቱ ወደ ደቡብ ሸሽቶ ተለያየ። ያ ቁስል እስካሁን አልሻረም።

ቢሆንም ጎረቤት ከጎረቤት ስለተቀያየመ ብቻ 700,000 ሰው በጥቂት ወራት ከአገር አይወጣም። ለዚያ ሕግ፣ መዝገብ ቤት፣ የድንበር ጠባቂና ጦር ሠራዊት ያስፈልጋል። ሮሂንጋዎች በእሳት ከመባረራቸው በፊት በወረቀት ተባረዋል። የቀሩት መልሶች በአብዛኛው ይህን የሚያብራሩ ናቸው።

ዜግነታቸውን እንዴት አጡ?

ቀስ በቀስ ነው። በርማ በ1948 ነፃ ስትወጣ ሮሂንጋዎች የመታወቂያ ወረቀት ነበራቸው፤ ይመርጡ ነበር፣ ፓርላማም ገብተዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት ሬዲዮ በቋንቋቸው ያሰራጭ ነበር። ማዩ የሚባል የራሳቸው የአስተዳደር ወረዳም ነበር። በ1962 ጄኔራል ኔ ዊን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። አዲሱ መንግሥት አገሪቱን የ«እውነተኛ» ብሔረሰቦች ብቻ አድርጎ ማየት ጀመረ። በሬዲዮ የሚተላለፈው ቋንቋቸው ብዙም ሳይቆይ ጠፋ።

በ1978 «ዘንዶው ንጉሥ» የሚባል ዘመቻ ተከፈተ። ዓላማው ሕገወጥ ነዋሪን ማጣራት ነው ተባለ። ድብደባው፣ እስሩና መድፈሩ ሲበዛ 200,000 የሚሆን ሰው ናፍን ተሻግሮ ባንግላዴሽ ገባ። እዚያም ቶሎ እንዲመለሱ ሲባል ምግብ ተቀነሰባቸው፤ ከ10,000 በላይ ሰው፣ አብዛኛው ሕፃን፣ ካምፕ ውስጥ ሞተ። የተረፉት ተመለሱ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ የዜግነት ሕጉ ወጣ። ሙሉ ዜጋ የሚሆነው ከ1823 በፊት፣ ማለትም እንግሊዝ ከመግባቷ በፊት፣ አገሪቱ ውስጥ የሰፈረ ብሔረሰብ አባል ነው አለ። የትኛው ብሔረሰብ እንደሚቆጠር የሚወስነው መንግሥት ነው። በኋላ የወጣው ዝርዝር 135 ስሞች አሉት። ሮሂንጋ የለበትም።

ሕጉ ለሌሎችም ዝቅ ያለ ዜግነት የሚሰጥ በር ነበረው። ሮሂንጋዎች ግን በዚያም አላለፉም። ከ1989 ጀምሮ አሮጌውን መታወቂያ አስረክባችሁ አዲስ ትወስዳላችሁ ተባሉ። አስረከቡ፤ አዲሱ አልመጣም። በ1995 ጊዜያዊ ነጭ ካርድ ታደላቸው። በ2015 እሱም ተሰረዘ፤ ከእሱ ጋር የመምረጥ መብታቸው ሄደ። ከዚያ የቀረበላቸው ወረቀት የሚጀምረው የውጭ ሰው ነኝ ብሎ በማመልከት ነው። ብዙዎቹ አንወስድም ያሉት ለዚህ ነው።

ዜግነት ማጣት በዕለት ኑሮ ላይ ምን ያመጣል?

በሰሜን ራካይን ለማግባት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ፈቃዱን የሚሰጠው የድንበር ጠባቂ ኃይል ነው፤ ጉቦና ወራት ይጠይቃል። ለፎቶው ወንዱ ጢሙን መላጨት፣ ሴቷ ሒጃቧን ማውለቅ ነበረባት። ሲጋቡም ከሁለት በላይ አንወልድም ብለው የሚፈርሙበት አካባቢ ነበር። ሦስተኛ ልጅ ከመጣ አይመዘገብም። ያልተመዘገበ ልጅ በመንግሥት ፊት አልተወለደም ማለት ነው። ትምህርት ቤት፣ ጉዞ፣ በኋላም ጋብቻ ሁሉም ይዘጋበታል።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የቤተሰብ ቆጠራ አለ። ባለሥልጣናቱ መንደር ይገባሉ፣ ቤተሰቡ ተሰልፎ ይቆማል፣ ከመዝገቡ ጋር እየተያየ ስም ይጠራል። ያን ቀን ቤት ያልተገኘ ሰው ይሰረዛል። ሥራ ፍለጋ ማሌዥያ የሄደ ልጅ፣ ሸሽቶ የተደበቀ አባት፣ ስሙ አንዴ ከተሰረዘ ወደ ቤቱ መመለሱ ራሱ ወንጀል ይሆናል። ሕዝብን ያለ አንዲት ጥይት መቀነስ የሚቻለው እንዲህ ነው። ስለዚህ ዘግናኝ ሥራ ብዙ አይወራም፤ ጭስ የለውማ።

ከ2012 በኋላ በራካይን ዋና ከተማ ያለው ሲትዌ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋባቸው። ከመንደር ወደ መንደር ለመሄድ ወረቀት፣ ሆስፒታል ለመድረስም ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። ምጥ የያዛት ሴት የፍተሻ ኬላ ላይ ቆማ መጠበቅ ሊኖርባት ይችላል።

«ከባንግላዴሽ የገቡ ናቸው» የሚባለውስ?

ምያንማር ውስጥ ብዙ ሰው ከልቡ የሚያምነው ይህን ነው። «ቤንጋሊ» የሚሏቸውም ለዚህ ነው። በእንግሊዝ ዘመን ከቤንጋል ብዙ ሰው መግባቱ እውነት ነው፤ መካድ አይጠቅምም። ከዚያ በፊትም ግን በአራካን ሙስሊሞች ነበሩ። ፍራንሲስ ቡካናን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1799 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አራካን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሰፈሩ ሙስሊሞች ራሳቸውን «ሩኢንጋ» ብለው እንደሚጠሩ መዝግቧል። እንግሊዝ አራካንን ከመያዟ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው።

የእኔ አቋም ግን ክርክሩ እዚህ ላይ መቆም የለበትም የሚል ነው። ቅድመ አያቱ በ1880 የገባ ሰውስ? እሱ፣ አባቱና አያቱ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው፣ እዚያው ተቀብረው፣ የት ሂድ ይባላል? ባንግላዴሽም ዜጋዬ አይደለም ትላለች። አንድ ነገር ልጨምር፦ በ2010 ምርጫ ሮሂንጋዎች መርጠዋል፤ ጦሩ ራሱ በሚደግፈው ፓርቲ ስምም ሮሂንጋ ፓርላማ ገብቷል። በ2015 ያው ሰው ወላጆችህ ዜጋ አልነበሩም ተብሎ ከመወዳደር ታገደ። በአምስት ዓመት ውስጥ የተቀየረው ፖለቲካው ነው፤ የሰውዬው አያት መቼ ገቡ የሚለው አልተቀየረም።

በ2012 እና በ2017 ምን ተፈጠረ?

በ2012 ግንቦት መጨረሻ አንዲት የራካይን ቡድሂስት ሴት ተደፍራ ተገደለች። ሙስሊሞች ናቸው ያደረጉት ተባለ። በቀናት ውስጥ ከአውቶቡስ የወረዱ አሥር ሙስሊሞች በበቀል ተገደሉ። ከዚያ በሰኔና በጥቅምት እሳቱ ክልሉን አዳረሰ። ወደ 140,000 ሰው ተፈናቀለ፤ አብዛኛው ሮሂንጋ። በዚያው ጊዜ ዊራቱን የመሰሉ መነኮሳት ከከተማ ከተማ እየዞሩ ከሙስሊም አትገበያዩ፣ አትጋቡ እያሉ ይሰብኩ ነበር።

ትልቁ ጥፋት የመጣው በነሐሴ 25 ቀን 2017 ነው። ታጣቂዎች ወደ 30 የሚጠጉ የፖሊስ ኬላዎችን አጠቁ። ጦሩ «የማጽዳት ዘመቻ» ብሎ ተነሳ። በመቶዎች የሚቆጠሩ መንደሮች ተቃጠሉ። ቱላ ቶሊ በሚባለው መንደር ሰዎች ወንዝ ዳር ተሰብስበው ተረሸኑ፤ ሴቶች ቤት ውስጥ ተደፍረው ቤቱ ተለኮሰባቸው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካምፖቹ ውስጥ ባደረገው ጥናት በመጀመሪያው ወር ብቻ ቢያንስ 6,700 ሰው በጥቃት ተገድሏል፤ ከእነዚህ ቢያንስ 730ዎቹ ከአምስት ዓመት በታች ነበሩ። ከ700,000 በላይ ሰው ናፍን ተሻገረ።

ኢን ዲን የሚባለውን መንደር ታሪክ ማለፍ አልችልም። አሥር ሮሂንጋ ወንዶች እጃቸው ታስሮ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው የተነሱት ፎቶ አለ። ከዚያ ተገድለው በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ጉዳዩን ያጋለጡት የሮይተርስ ጋዜጠኞች ዋ ሎንና ቻው ሶ ኡ ሰባት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ከ500 ቀን በላይ ታስረው በምሕረት ወጡ። ገዳዮቹ ሰባት ወታደሮች አሥር ዓመት ተፈርዶባቸው ዓመት ሳይሞላቸው ተለቀቁ። ግድያውን የዘገበው ከገደለው በላይ ታሰረ።

የጀመሩት የሮሂንጋ ታጣቂዎች አይደሉም እንዴ?

የአራካን ሮሂንጋ ነፃ አውጪ ሠራዊት፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አርሳ የሚባለው ቡድን፣ በ2016 ጥቅምትና በ2017 ነሐሴ ኬላዎችን ማጥቃቱ እውነት ነው። ሲቪሎችንም ገድሏል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2018 ባወጣው ምርመራ መሠረት በዚያው በነሐሴ 2017 በርካታ ሂንዱ መንደርተኞችን፣ ሕፃናት ጭምር፣ ጨፍጭፏል። ይህ ወንጀል ነው፤ የሟቾቹም ደም እኩል ደም ነው።

መሳሳት የሚመጣው አርሳን የስደቱ ምክንያት ማድረግ ላይ ነው። በ1978 አርሳ አልነበረም፤ 200,000 ሰው ተሰደደ። በ1991 እና በ1992 አልነበረም፤ ወደ 250,000 ሰው ተሰደደ። በ2012ም ማንም አያውቀውም ነበር። የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን የሚመሩት፣ የራካይንን ችግር ያጠና ኮሚሽን የዜግነት ሕጉ እንዲታይና የመንቀሳቀስ ገደቡ እንዲነሳ የሚመክረውን የመጨረሻ ሪፖርት ያወጣው ከጥቃቱ አንድ ቀን ቀድሞ ነበር። ሌላ መንገድ ጠረጴዛው ላይ ነበር ማለት ነው። ጦሩ የመረጠው ማቃጠሉን ነው።

ፌስቡክ ምን አገናኘው?

ምያንማር ውስጥ ሲም ካርድ ለረጅም ጊዜ የሀብታም ዕቃ ነበር። በ2014 ዋጋው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ዶላር ተኩል ወረደ። ሕዝቡ ስልክ ሲገዛ ፌስቡክ ተጭኖ ነው የመጣለት፤ ለብዙው ሰው ኢንተርኔት ማለት ፌስቡክ ሆነ። ሮሂንጋን ውሻ፣ ተባይ፣ ወራሪ የሚል ጽሑፍ ያለ ከልካይ ተሰራጨ። የጦሩ ሰዎችም የዘፋኝና የመዝናኛ ገጽ አስመስለው ጥላቻ ያሰራጩ ነበር። ሮይተርስ እንደዘገበው በ2015 መጀመሪያ የበርማ ቋንቋ ጽሑፎችን የሚቆጣጠሩት የፌስቡክ ሰዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ኩባንያው ራሱ በ2018 በቂ እንዳልሠራ አምኗል።

እኛንም ይመለከተናል። በኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት ለተሰራጨ የጥላቻ ጽሑፍ የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን ተጠያቂ የሚያደርግ ክስ በ2022 መጨረሻ ናይሮቢ ቀርቧል። ፌስቡክ ግን ጥላቻውን አልፈጠረም። የዜግነት ሕጉ ሲወጣ ማርክ ዙከርበርግ አልተወለደም።

የኖቤል ተሸላሚዋ አውንግ ሳን ሱ ቺ ለምን ዝም አለች?

ያኔ የሲቪል መንግሥቱ መሪ እሷ ነበረች። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ግን የመከላከያ፣ የአገር ውስጥና የድንበር ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጦሩ እጅ ነበሩ። ዘመቻውን የማስቆም ሥልጣን አልነበራትም ቢባል ያስኬዳል። የመናገር ሥልጣን ግን ነበራት። ዝምታ ብቻም አልነበረም። በታኅሣሥ 2019 ራሷ ዘ ሄግ ወደሚገኘው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ አገሯ የዘር ማጥፋት አልፈጸመችም ብላ ተከራከረች፤ የቀረበው ክስ የተሟላ አይደለም፣ ያሳስታል አለች።

ለዲሞክራሲ ብላ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ በቁም እስር የኖረች ሴት ናት። ለዚህ ነው ያንን ችሎት ማየት የሚያምመው። በየካቲት 2021 ያው ጦር በመፈንቅለ መንግሥት አሰራት።

ከጀርባው ጋዝና መሬት አለ የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል። ቻይና በራካይን ጠረፍ ቻውክፕዩ ላይ ወደብና የነዳጅ መስመር አላት። ያ ቦታ ግን ሮሂንጋዎች ከተባረሩበት ሰሜን ርቆ ደቡብ ነው ያለው፤ ማሳደዱም ከፕሮጀክቱ በአሥርተ ዓመታት ይቀድማል። መሬት ግን በእርግጥ ተወስዷል። የተቃጠሉ መንደሮች በዶዘር ተደምስሰው የጦርና የድንበር ፖሊስ ሰፈር ተሠርቶባቸዋል። ጥቅሙ ከማባረሩ በኋላ የመጣ ነው፤ ዋና ምክንያት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ለምን ወደ አገራቸው አይመለሱም?

ተሞክሯል። በኅዳር 2018 እና በነሐሴ 2019 ባንግላዴሽና ምያንማር ቀን ቆርጠው፣ ስም ዝርዝር አጽድቀው፣ አውቶቡስ አቁመው ጠበቁ። አንድም ሰው አልተሳፈረም። ሰዎቹ የሚጠይቁት ግልጽ ነው፦ ዜግነት፣ ሮሂንጋ ተብሎ መጠራት፣ የራስ መሬት፣ ደህንነት። አያቶቻቸው በ1978፣ ወላጆቻቸው በ1990ዎቹ ያለ እነዚህ ተመልሰው ያዩትን ያውቃሉ።

ካምፑ ግን ምቾት ሆኗቸው አይደለም። ባንግላዴሽ መደበኛ ሥራ አትፈቅድላቸውም። በ2023 በእርዳታ ገንዘብ እጥረት የወር ምግባቸው ለአንድ ሰው ከ12 ዶላር ወደ 8 ዶላር ወርዶ ነበር። ራሷ ድሃ የሆነች አገር ሚሊዮን ሰው ተቀብላ መያዟ ክብር የሚገባው ነው፤ ሸክሙን ብቻዋን እንድትሸከም መተዋ ደግሞ የሌላው ዓለም ነውር ነው።

ፍርድ ቤቶቹ ምን አደረጉ? ጋምቢያስ ምን አገባት?

በኅዳር 2019 ትንሿ ጋምቢያ ምያንማርን በዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ያኔ የፍትሕ ሚኒስትሯ የነበሩት አቡባካር ታምባዱ ስለ ሩዋንዳው እልቂት በተቋቋመው ፍርድ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። የስደተኞቹን ቃል ኮክስ ባዛር ሄደው ሲሰሙ ሩዋንዳ ትዝ አለቻቸው። ክሱ የተመሠረተው በ1948ቱ የዘር ማጥፋት ስምምነት ላይ ነው። ስምምነቱን የፈረመ ማንኛውም አገር ሌላውን ፈራሚ መክሰስ ይችላል። ይህን ስምምነት ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ በሐምሌ 1 ቀን 1949።

ፍርድ ቤቱ በጥር 2020 ምያንማር ሮሂንጋዎችን ከጥፋት እንድትጠብቅ በአንድ ድምፅ አዘዘ፤ በሐምሌ 2022 ደግሞ የምያንማርን መቃወሚያ ውድቅ አደረገ። ይህ ችሎት አገርን እንጂ ሰውን አያስርም። ሰውን የሚከስሰው ሌላው፣ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ነው። ምያንማር አባሉ አይደለችም፤ ባንግላዴሽ ግን ናት። ሰዎቹ ተገድደው ድንበሩን የተሻገሩት ወደ ባንግላዴሽ ስለሆነ ወንጀሉ በከፊል እዚያ ተፈጽሟል ተባለ። በኅዳር 2024 ዐቃቤ ሕጉ በጦሩ መሪ ሚን አውንግ ላይንግ ላይ የእስር ማዘዣ እንዲወጣ ጠይቀዋል።

ጦሩ ቢሸነፍ ነገሩ አያበቃም?

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ከ2023 ኅዳር ጀምሮ የአራካን ጦር የሚባለው የራካይን ቡድሂስቶች ታጣቂ ኃይል መንግሥትን እየገፋ፣ ቡቲዳውንግን በ2024 ግንቦት፣ ማውንግዶን በታኅሣሥ ያዘ። ከባንግላዴሽ ጋር የሚያዋስነው መሬት አሁን በእሱ እጅ ነው። የምያንማር ጦር ተሸንፎ ሲሸሽ ያደረገውን ተመልከቱ፦ ዜጋ አይደላችሁም ያላቸውን የሮሂንጋ ወጣቶች በግዳጅ አፍሶ ግንባር አሰለፈ። ይህም ከራካይን ጎረቤቶቻቸው ጋር የነበረውን ቂም እንደገና ቀሰቀሰ።

በነሐሴ 5 ቀን 2024 ናፍ ዳር ለመሻገር የተሰበሰቡ ሮሂንጋዎች በድሮንና በከባድ መሣሪያ ተመትተው ብዙ ሰው አለቀ። የተረፉት የሚከሱት የአራካን ጦርን ነው፤ ቡድኑ ያስተባብላል። ከዚያ ወዲህ ተጨማሪ ከ100,000 በላይ ሰው ባንግላዴሽ ገብቷል። የዜግነት ሕጉም እንዳለ ነው። በ2021 ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ የተቃዋሚዎቹ የጥምር መንግሥት ሕጉን እንደሚሽርና ሮሂንጋዎችን በስማቸው ጠርቶ መብታቸውን እንደሚያከብር ቃል ገብቷል። ማውንግዶን የሚያስተዳድረው ግን እሱ አይደለም። መንደሩን የያዘው የአራካን ጦር ሮሂንጋን የዚህ ምድር ሰው ነው ብሎ እስካልተቀበለ ድረስ፣ በዋና ከተማዋ ናይፒዶው ያለው መንግሥት ቢለወጥም የሚመለሱበት ቤት አይኖራቸውም።